የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የሸራ ጀልባ ለሎጎ ሐይቅ

ጥያቄ፦ ደሴ የምኖር መምህር ነኝ። የዕረፍት ቀን ሲሆን ከቤተሰቤ ጋር ወደ ሐይቅ ከተማ ወርደን፣ አሳ በልተንና በሞተር ጀልባ ተንሸራሽረን እንመለሳለን። በቴሌቪዥን ያየኋቸው ባለ ሸራ ጀልባዎች ግን ልቤን ስለወሰዱት፣ ለመዝናኛ የሚሆኑት ምን ምን ዓይነት እንደሆኑና ለሎጎ ሐይቅ የሚስማማው የትኛው እንደሆነ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ልጆቼም «ጀልባዋ ነፋሱ ወደሚመጣበት በኩል እንዴት ትሄዳለች?» ብለው ጠይቀውኛል።

መልስ፦ ውድ መምህር፣ የልጆችዎ ጥያቄ ከተመለሰ የእርስዎም አብሮ ስለሚቀል ከእሱ እንጀምር። የትኛዋም የሸራ ጀልባ አፍንጫዋን በቀጥታ ወደ ነፋሱ መምጫ አቅንታ መሄድ አትችልም፤ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ 45 ዲግሪ ያህል ዘወር ካለች ግን ትሄዳለች። ሸራው ጎበጥ ብሎ ሲወጠር ነፋሱ በውጪው ገጽ በኩል ፈጥኖ ስለሚያልፍ በዚያ በኩል ያለው ግፊት ይቀንስና ጀልባዋን ወደ ጎንና ወደ ፊት ይስባታል። ከሆዷ ሥር ወደ ውሃ የሚወርደው ሳንቃ ደግሞ ወደ ጎን እንዳትንሸራተት አጥብቆ ስለሚይዛት፣ የሚቀራት መንገድ ወደ ፊት መሄድ ብቻ ይሆናል። መኪና የሐረጎን ዳገት እየተጠማዘዘ እንደሚወጣው ሁሉ፣ ጀልባዋም አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እየታጠፈች ነፋሱ ወደሚመጣበት ዳርቻ ትደርሳለች።

ይህን በወረቀት ላይ ከማስረዳት ይልቅ በእጅ ይዞ መማር ይቀላል። አንደኛው እጅ የመሪውን እጀታ፣ ሌላው የሸራውን ገመድ ይይዛል። በሸራው ግራና ቀኝ ገጽ ላይ አጫጭር የክር ቁራጮች ይሰፋሉ፤ ሁለቱም ክሮች ወደ ኋላ ቀጥ ብለው ሲተኙ ሸራው በትክክል ተወጥሯል ማለት ነው። በነፋሱ በኩል ያለው ክር መንቀጥቀጥ ከጀመረ ገመዱን ትንሽ መሳብ ወይም አፍንጫዋን ከነፋሱ ጥቂት ማራቅ፣ ከሸራው ጀርባ ያለው ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ገመዱን ማላላት ያስፈልጋል። ጀማሪ ሰው ዓይኑን ከእነዚያ ክሮች ሳይነቅል ለብዙ ጊዜ ሲቆይ ማየት የተለመደ ነው፤ የዚህ መዝናኛ ግማሹ ደስታም ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ዓይነታቸውን በተመለከተ፣ ለጀማሪ ከሁሉ የሚበልጡት አንድ ወይም ሁለት ሰው የሚይዙት ትንንሽ ክፍት ጀልባዎች ናቸው። ኦፕቲሚስት የምትባለው የልጆች ጀልባ በ1947 በአሜሪካ በፍሎሪዳ የተነደፈች ስትሆን፣ ርዝመቷ 2.3 ሜትር ብቻ ነው፤ እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ብቻቸውን ይነዱባታል። ለአዋቂ ሌዘር የምትባለው አለች፤ 4.23 ሜትር ርዝመትና 7 ካሬ ሜትር ያህል ሸራ ያላት ናት፤ አካሏ 59 ኪሎ ብቻ ስለሚመዝን ሁለት ሰዎች ከመኪና አውርደው ውሃ ውስጥ ያስገቧታል። ከ1996 ጀምሮ በኦሎምፒክ የሚወዳደሩባትም ጀልባ ናት። ሁለት አካል ጎን ለጎን ተያይዞ የሚሠራው ካታማራን ፍጥነት ለሚወዱ ይሆናል። ቆመው በሰሌዳ ላይ የሚጋልቡት ዊንድሰርፊንግ እና በሰማይ ላይ በተወጠረ፣ ካይት በሚባል በራሪ ሸራ የሚጎተቱበት ስፖርት የበለጠ ጉልበትና ልምምድ ይጠይቃሉ። ከሥራቸው ከባድ የእርሳስ ወይም የብረት ክብደት ያላቸው፣ መኝታና ማብሰያ የተዘጋጀላቸው ትልልቅ ጀልባዎች ደግሞ ሰዎች ለሳምንታት ከደሴት ደሴት የሚዞሩባቸው ሲሆኑ፣ ወደብና ማንሻ ክሬን ስለሚፈልጉ ለእኛ ሐይቅ አይሆኑም።

ለሎጎ ሐይቅ ምርጫዬ ያለምንም ማመንታት ትንሿ ክፍት ጀልባ ናት። ሐይቁ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ስላለው ለትንሽ ጀልባ በቂ ሜዳ ነው፤ ጥልቀቱም እስከ 80 ሜትር ስለሚደርስ ከዳር ራቅ ሲሉ የጀልባዋ ሳንቃ መሬት የሚነካበት ሥጋት የለም። ሁለት ነገሮችን ግን አስቀድመው ይወቁ። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,900 ሜትር በላይ በመሆኑ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ከ15 እስከ 20 በመቶ የሳሳ ነው፤ ስለዚህ በተመሳሳይ የነፋስ ፍጥነት ሸራው የሚያገኘው ኃይል በዚያው ልክ ያንሳል። ሁለተኛው፣ በተራራ የተከበበ ውሃ ላይ ነፋስ አቅጣጫውን እየቀያየረ በድንገት ገፋ ስለሚያደርግ፣ የሸራውን ገመድ ቋጥሮ መተው ፈጽሞ አይገባም። በሐምሌና በነሐሴ ደመና ሲጠቁር ወዲያውኑ ወደ ዳር መውጣት ግድ ነው፤ የጀልባዋ ምሰሶ በውሃው ላይ ረጅሙ ነገር ስለሚሆን መብረቅ ይስባል።

ወጪው እንዳያስፈራዎት። ኦፕቲሚስት መጀመሪያ የታሰበችው አባትና ልጅ በቤታቸው ከሁለት ኮምፖንሳቶ ሊሠሯት እንድትችል ተደርጎ ነው፤ ጎበዝ አናጺ ንድፉን ካገኘ ይሠራታል። ውሃ ላይ ከመውጣትዎ በፊት አሳ አጥማጆቹን ያማክሩ፤ መረባቸው የተዘረጋበትን ያሳዩዎታል፣ አለበለዚያ ሳንቃውና መሪው መረቡን ይዘው ቀድደው የሰው እንጀራ ያሳጣሉ። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አጠገብም ጸጥታን መጠበቅና መራቅ ለቦታው የሚገባው ክብር ነው። ለመማር በሚወጡበት ቀን ሁሉ የሞተር ጀልባ ያለው ሰው በአቅራቢያ እንዲጠብቅ አስቀድመው ይስማሙ።

ጥያቄ፦ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ጓደኞቼ በሸራ ጀልባ አብረን እንውጣ ብለው ለምነውኛል፤ እኔ ግን ዋና አልችልም። እነሱ «አብሽሪ፣ ምንም አትሆኚም» ይሉኛል። ጀልባዋ ብትገለበጥ ምን ይሆናል?

መልስ፦ እህታችን፣ ትንሽ የሸራ ጀልባ መገለበጧ አይቀርም፤ ስለዚህ ጥያቄዎ ፍርሃት ሳይሆን ማስተዋል ነው። ጓደኞችዎን ከመከተልዎ በፊት ቢያንስ ለጥቂት ደቂቃ በጀርባ ተንሳፍፎ መቆየትን ይማሩ፤ በልክዎ የሆነ የሕይወት አድን ጃኬትም ዚፑና ማሰሪያው ተዘግቶ ከዳር ሳይነሱ በፊት ይልበሱ። ጃኬቱን ጀልባዋ ወለል ላይ አስቀምጦ መውጣት ካለመያዝ አይሻልም።

ከተገለበጠች ሕጉ አንድ ነው፤ ጀልባዋን አይልቀቁ። በውስጧ አየር የታፈነባቸው ክፍሎች ስላሉ አትሰምጥም፤ ዳር ቅርብ መስሎ ቢታይም ወደዚያ ለመዋኘት የሚሞክር ሰው ነው አደጋ የሚደርስበት። ጀልባዋን ለማቃናት በመጀመሪያ የሸራው ገመድ እንዲላላ ይደረጋል፤ ከዚያ አንዱ ሰው ከሆዷ ሥር በወጣው ሳንቃ ላይ ወጥቶ ይቆምና የጀልባዋን ጠርዝ ይዞ ክብደቱን ወደ ኋላ ይጥላል። ሸራው ቀስ እያለ ከውሃው ይለቃል፣ ውሃው ከላዩ ይንጠባጠባል፣ ከዚያ በኋላ ጀልባዋ በአንዴ ቀጥ ትላለች። ይህን ልምምድ ዳር አካባቢ፣ ነፋስ በሌለበት ጠዋት፣ ሆን ብለው ጀልባዋን ገልብጠው ይለማመዱት። በዝምታ የማያልፉት አንድ ነገር ደግሞ በውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣ በኩል የሚተላለፈው የቢልሃርዝያ በሽታ ነው፤ ቀንድ አውጣ የሚበዛበት ሣራማ ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ላይ ቆሞ ከመቆየት ይቆጠቡ፣ እንደወጡም ገላዎን በፎጣ አጥብቀው ያድርቁ፤ ስለ አካባቢው ውሃ ደግሞ የጤና ጣቢያ ባለሙያ ይጠይቁ። ጓደኞችዎ ልምምዱንና ጃኬቱን እንደ ቀልድ ካዩት አብረዋቸው አይውጡ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የባቲ ነዋሪ ነኝ። በወጣትነቴ በአሰብ ወደብ ስሠራ ሳምቡክ የሚባሉት የቀይ ባሕር የእንጨት ጀልባዎች ሸራቸውን ወጥረው ሲገቡ አይ ነበር። ዛሬ ጉልበቴ ያመኛል፤ ነገር ግን ነፋስና ሸራ አሁንም ይናፍቀኛል። የሚሆነኝ ነገር አለ? የሳምቡክ ሸራስ ከአሁኖቹ በምን ይለያል?

መልስ፦ አባታችን፣ የሳምቡክ ሸራ በተንጋደደ ረጅም እንጨት ላይ የሚሰቀል ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራ ነው። ነፋሱ ከጎን ወይም ከኋላ ሲመጣ እጅግ ያማረ ጉዞ ይሰጣል፤ ወደ ነፋሱ ለመታጠፍ ግን እንጨቱን በምሰሶው ዙሪያ አሻግሮ ማዞር ብዙ ሰው ስለሚጠይቅ፣ መርከበኞቹ ብዙውን ጊዜ ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው መዞርን ይመርጡ ነበር። የዛሬዎቹ ትንንሽ ጀልባዎች ሸራቸው በምሰሶው ጀርባ ስለሚታሰር በአንድ ሰው እጅ ከወዲህ ወዲያ ይዞራል።

ለጉልበትዎ የሚስማማ አንድ የሸራ መዝናኛ አለ፤ ከዳር ሆነው በርቀት መቆጣጠሪያ የሚነዱት ሞዴል ጀልባ ነው። በዓለም ላይ የሚወዳደሩበት የታወቀው ዓይነት አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ሲሆን፣ ከሥሩ የእርሳስ ክብደት ስላለው ነፋስ ቢያጋድመውም መልሶ ይቃናል። ሸራው እውነተኛ ሸራ ነው፤ በሳምቡክ ላይ ያዩትን ነፋስን የማንበብ ጥበብ ሁሉ ይጠይቃል። ወንበር ይዘው ሎጎ ወይም አርዲቦ ሐይቅ ዳር ተቀምጠው ከልጅ ልጆችዎ ጋር መወዳደር ይችላሉ። የሚቀመጡበትን ቦታ ግን ነፋሱ ወደ ዳር በሚነፍስበት በኩል ይምረጡ፤ ባትሪው ቢያልቅ ጀልባዋን ነፋሱ ራሱ ወደ እርስዎ ይመልሳታል፣ ማንም ልጅ ሊያመጣት ብሎ ወደ ጥልቁ ውሃ አይገባም።