ከአውሮራ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ በአርቪ፦ ውሻና ድመት ይዞ ቤተሰብ ጥየቃ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በጁላይ አርቪ (እንደ ቤት የሚታደርበት መኪና) ተከራይተሽ ከኮሎራዶ አውሮራ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደሚኖሩት እናትሽ ለመሄድ አስበሻል፤ መካከለኛ ቁመት ያለው ክልስ ውሻና አንዲት ድመት አሉሽ፤ እናትሽ ደግሞ «ውሻ ቤቴ አይገባም» ብለዋል። «መንገዱን ይችሉታል ወይ? ስደርስስ የት አደርጋቸዋለሁ?» ነው ያልሽው። አማቴ የሚኖሩት እዚያው አካባቢ ስለሆነ እኔና ባለቤቴ ይህንኑ መንገድ ከውሻችንና ከድመታችን ጋር እንመላለስበታለን። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብመልስልሽ ቅር አይበልሽ።

ከሁለተኛው ጥያቄ ልጀምር። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ መንገዱ ነው፤ ከባዱ ነገር ያለው ግን ከደረሱ በኋላ ነው። በመንገድ ላይ እንስሳቱ ከአጠገብሽ ናቸው፤ ብትሞቂ ይሞቃቸዋል፣ ብትቆሚ ይቆማሉ። ስትደርሺ ግን አንቺ እናትሽ ሳሎን ቁጭ ትያለሽ፤ እነሱ በጁላይ ፀሐይ ውስጥ በቆመ መኪና ውስጥ ይቀራሉ። ስለዚህ ዕቅድሽን ከመድረሻው ጀምረሽ ወደ ኋላ አውጪው።

አርቪውን እናትሽ በር ላይ አቁሜ ከቤቱ መብራት እስባለሁ ብለሽ አስበሽ ከሆነ ተዪው። አንደኛ፣ ብዙ የመኖሪያ ሰፈር ማኅበራት እንዲህ ያለ መኪና ደጅ ላይ እንዲያድር አይፈቅዱም፤ የመንገድ ዳር ማቆሚያም የራሱ ደንብ አለው። ሁለተኛ፣ አርቪው ጣሪያ ላይ ያለው የአየር ማቀዝቀዣ ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። የአርቪ መስመር 30 ወይም 50 አምፔር ሲሆን የቤት ሶኬት አብዛኛውን ጊዜ 15 ነው፤ በዚያ ላይ በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ማቀዝቀዣውን ማሠራት ገመዱን አግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። እኛ የምናርፈው ኮሌጅ ፓርክ በምትባለው ከተማ በሚገኘው የአርቪ ማደሪያ፣ ቼሪ ሂል ፓርክ ነው። መብራትና ውሃ አለው፣ ለዋሽንግተን ቅርብ ነው፣ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግም ብዙ አያስኬድም። የቀለበት መንገዱ ሲጨናነቅ በዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድ በኩል መሄድ ይቻላል። ግሪንቤልት የሚገኘው የብሔራዊ ፓርኮች የካምፕ ቦታም ደስ የሚል ጥላ አለው፤ ነገር ግን የመብራት መስመር ስለሌለው በጁላይ እንስሳ ትቶ ለሚሄድ ሰው አይሆንም። ከአርቪው ሌላ ትንሽ መኪናም ያስፈልግሻል፤ ወይ እዚያ ተከራዪ፣ ወይ ወንድሞችሽ ያመላልሱሽ።

ውሻሽ ክልስ ነው ስላልሽ አንድ ነገር ልጨምር። ኮሌጅ ፓርክ ያለው ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ ነው፤ ካውንቲው ደግሞ ፒት ቡል የተባለውን የውሻ ዝርያ በሚመለከት ለረጅም ዓመታት እገዳ ይዞ የቆየ ነው። ከዚህ በተጨማሪ አንዳንድ የአርቪ ፓርኮች ሮትዋይለር፣ ዶበርማንና የመሳሰሉትን አይቀበሉም። በውሻሽ ውስጥ የእነዚህ ዝርያ ካለበት ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ደውለሽ ጠይቂ።

አሁን ወደ ሙቀቱ። ውጭው 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነበት፣ ማለትም ሰው ሹራብ ደርቦ በሚቀመጥበት ቀን፣ የተዘጋ መኪና ውስጡ በግማሽ ሰዓት ወደ 40 ዲግሪ ይደርሳል። በሜሪላንድ ጁላይ ውጭው ራሱ ከ30 በላይ ነው፤ ወበቁ ደግሞ ከአውሮራ ደረቅ አየር ጋር አይገናኝም። አርቪ ሰፊ ቢሆንም መስታወትና ስስ ግድግዳ ነው። መብራት እስካለ ድረስ ችግር የለም። ችግሩ በበጋ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ማቀዝቀዣውን ሲከፍት በፓርኮቹ ውስጥ መብራት መዳከሙና መቋረጡ ነው። ስለዚህ የሙቀት መቆጣጠሪያ መሣሪያ ግዢ፤ የራሱ ሲም ካርድ ያለው፣ በስልክ መረብ መልእክት የሚልክ ይሁን። በፓርኩ ዋይፋይ የሚሠራው መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ በሚያስፈልግሽ ሰዓት ዝም ይላል ማለት ነው።

አንድ ጁላይ አማቴ ቤት ቡናው ቶና ላይ ደርሶ ስልኬ ጮኸ። የአርቪው ሙቀት 27 ዲግሪ አልፏል ይላል። ባለቤቴ ስኒውን እንዳስቀመጠ ቁልፉን አንስቶ ወጣ። ሲደርስ የፓርኩ መብራት ተቋርጦ፣ ውሻው ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ምላሱን አውጥቶ ያለከልካል፤ ድመቷ የገላ መታጠቢያው ወለል ላይ ሆዷን ለጥፋ ተኝታለች። ጄኔሬተሩን አስነሳ፣ ውሃ ሰጣቸው፣ ከእነሱ ጋር ቆየ። ደህና ነበሩ። ያ መሣሪያ ባይኖር በረካ ጠጥተን፣ እራት በልተን፣ ተሰነባብተን ነበር የምንሄደው። የምትከራዪው አርቪ መብራት ሲቋረጥ ጄኔሬተሩ በራሱ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም እሱን ምረጪ።

ስለ እናትሽ። አትሟገቻቸው፤ ከልቤ ነው የምልሽ። እሳቸው ባደጉበት አገር ውሻ የግቢ ጠባቂ ነው፤ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል። ቤት ውስጥ ጠበል አለ፣ ሥዕለ አድኅኖ አለ፣ የጸሎት መጽሐፍ አለ፤ በሙስሊም ቤተሰብም የመስገጃው ንጽሕና አለ። ሌላም ምክንያት አለ፤ እኛ ልጆቻቸው ብዙ ጊዜ የምንረሳው። የእብድ ውሻ በሽታ በኢትዮጵያ ዛሬም ሰው ይገድላል፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። በእናቶቻችን ዕድሜ ካሉት ብዙዎቹ ውሻ ነክሶት የሞተ ሰው ያውቃሉ ወይም ሰምተዋል። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም።

ስለዚህ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ወረቀት ይዘሽ ሂጂ። ፓርኮቹም ይጠይቁሻል፣ እናትሽም ይዩት። አማቴ ወረቀቱን ተቀብለው፣ መነጽራቸውን አጥልቀው ቀኑን አነበቡና «እስከ መቼ ነው የሚያገለግለው?» አሉ። ነገርናቸው። አጥፈው መለሱልን። በማግስቱ ወንበራቸውን በረንዳው ላይ አውጥተው ተቀመጡ፤ ውሻው ከዛፉ ሥር ታስሮ ተኝቷል፣ እሳቸው ጥጥ ይፈትላሉ። ከዚያ ወዲህ ስንመጣ «ውሻውስ?» ብለው ይጠይቃሉ። ወደ ቤት ግን ገብቶ አያውቅም፤ እኛም ይግባ ብለን አናውቅም። ወንድምሽ ወይም የአክስትሽ ልጅ «ለአንድ ቀን ምን ችግር አለው፣ ይግባ» ቢልሽ እንኳ እሺ አትበይ። የቤቱ እመቤት እናትሽ ናቸው፤ አርቪ የተከራየሽውም ለዚሁ ነው፤ እሳቸውም ሳይቸገሩ፣ ውሻውም ሳይንገላታ።

ድመቷን አንዳንድ ቤተሰብ በደስታ ይቀበላል። ቢሆንም እንግዳ በሚገባበትና በሚወጣበት ቤት በሩ ክፍት ስለሚውል ሾልካ ትጠፋለች፤ በማታውቀው ሰፈር የጠፋች ድመት ደግሞ መመለሷ ያጠራጥራል። አርቪው ውስጥ ትቆይ።

ቤተሰቡ ውሻውን ሲለምደው ሌላ ችግር ይመጣል፤ ጉርሻ። አጎቶች ከፍቅር የተነሳ ያጎርሱታል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ጥሬም ሆነ የበሰለ የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያጠፋል፤ የእኛ ወጥ ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ምልክቱ ወዲያው አይታይም፤ ከቀናት በኋላ ነው ድካሙ፣ የድዱ መንጣት፣ የሽንቱ መጥቆር የሚመጣው። ያን ጊዜ አንቺ በመመለሻው መንገድ ካንሳስ ላይ ትሆኛለሽ። የበሰለ የዶሮ አጥንት እየተሰነጠረ አንጀት ይወጋል፤ ዘቢብ የገባበት ዳቦ ኩላሊት ይጎዳል፤ ቅቤ የበዛበት ነገርም ቆሽትን ያሳምማል። ሰውን አትስጡት ብሎ ማስከፋት ይከብዳል። ስለዚህ ያለ ቅመም የተቀቀለ ሥጋ በትንሽ ዕቃ አዘጋጅተሽ «ማጉረስ የፈለገ ከዚህ ያጉርስ» በይ። ሁሉም ደስ ይለዋል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ፤ አርቪው ውስጥ ከሰል አይቀጣጠል። እኅቶችሽ ፓርኩ ድረስ መጥተው ቡና ሊያፈሉ ይችላሉ፤ በተለይ ዝናብ ከጣለ «ውስጥ እናፍላው» ይባላል። የከሰል ጭስ በጠባብና በተዘጋ ቦታ ሽታ በሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰውንም እንስሳንም ይገድላል። ቡናው ጠረጴዛው ላይ በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላ፤ ዕጣኑም ውጭ ይጢስ፤ ጭሱ ለድመት ሳንባ ከባድ ነው። መኪናውን ስትረከቢ የጋዝና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያዎቹ መሥራታቸውን ቁልፋቸውን ተጭነሽ አረጋግጪ።

መንገዱ እንዲህ ነው። ወደ 1,700 ማይል ይሆናል፤ ኢንተርስቴት 70ን ይዘሽ ነው የምትሄጂው። ለእኛ የሚስማማን ሳላይና (ካንሳስ)፣ ሴንት ሉዊስ (ሚዙሪ) አካባቢና ኮለምበስ (ኦሃዮ) ማደር ነው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ተቀራራቢ ነው፣ ከ400 ማይል ትንሽ ከፍ ይላል። ብቻሽን የምትነጂ ከሆነ አንድ ሌሊት ጨምሪ። ለቤንዚን በጋሎን ከ8 እስከ 10 ማይል ብለሽ አስቢ፤ ለመሄጃ ብቻ ከ170 እስከ 210 ጋሎን ማለት ነው። ምዕራብ ካንሳስ ላይ የጎን ነፋሱ እንዲህ ያለውን ቁመተ ረጅም መኪና ስለሚገፋ ፍጥነት ቀንሺ፤ ውሻው ሲያለቅስ ወደ ኋላ ዞረሽ አትዪው። ከዌስት ቨርጂኒያዋ ዊሊንግ በኋላ በፔንሲልቬንያ የክፍያ መንገድ ፈንታ በሞርጋንታውን ዞረሽ ኢንተርስቴት 68ን መያዝ ትችያለሽ፤ ክፍያ የለውም፣ ተራራው ግን ብዙ ነው። ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ ውረጂ። ከሜሪላንድ በኋላ ፊላደልፊያም ዘመድ ካለሽ ደግሞ የባልቲሞር ዋሻዎች የአርቪ ፕሮፔን ጋዝ የያዘ መኪና አያሳልፉም፤ ድሮ በምትኩ የሚሄዱበት የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ በ2024 ፈርሷል፤ ስለዚህ የኢንተርስቴት 695ን ምዕራባዊ ክፍል ይዘሽ ዙሪ።

መኪናው በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ሁለቱም ይታሰሩ፤ ውሻው በታሰረ ሳጥን ወይም በደረት ቀበቶ፣ ድመቷ በሳጥኗ። ልቅ የሆነች ድመት ፍሬን ሥር ትገባለች። የአርቪው ግድግዳ ወደ ውጭ የሚንሸራተት ዓይነት ከሆነ ቁልፉን ከመጫንሽ በፊት ድመቷን በዓይንሽ እያት፤ «ሳጥኗ ውስጥ ሳትሆን አትቀርም» አይበቃም። እነዚህ ክፍተቶች ድመቶች የሚወዷቸው መደበቂያዎች ናቸው፣ ሲዘጉም ይጨፈልቃሉ። የአሸዋ ሳጥኗን ገላ መታጠቢያው ውስጥ አድርጊላት፤ ማንም አይረግጠውም፣ ለማጽዳትም ይቀላል። ስትቆሙ አስፋልቱን በእጅሽ ጀርባ ንኪው፤ አንቺን ካቃጠለሽ የውሻውን መዳፍም ያቃጥላል፣ በሣሩ በኩል ውሰጂው።

ከመነሳትሽ በፊት ወደ እንስሳት ሐኪም ሂጂ። ኮሎራዶ ደረቅ ስለሆነ ብዙ ሰው ለውሻው የልብ ትል መከላከያ አይሰጥም፤ ሚዙሪና ሜሪላንድ ግን ትንኙ ብዙ ነው፣ ትሉም የሚተላለፈው በትንኝ ነው። መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የደም ምርመራ ያስፈልጋል፤ ከተመለሳችሁ በኋላም ሐኪሙ እስከሚልሽ ድረስ ቀጥይ። ሜሪላንድ የላይም በሽታ የሚያስተላልፍ መዥገር ያለበት ስለሆነ ማታ ማታ ጆሮውን፣ የአንገት ማሰሪያውን ሥርና የጣቶቹን መሐል ዳብሺ። ድመቷ መኪና ላይ የምትጮህና የምታስመልስ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሪው፤ ማረጋጊያም የማስመለስ መከላከያም አለ፣ ነገር ግን መጀመሪያ ቤት ውስጥ ይሞከር። ከቆዳ ሥር ያለው ማይክሮቺፕ የተመዘገበበት ስልክ ቁጥር የአሁኑ መሆኑንም አረጋግጪ።

የጁላይ 4 ሳምንት ከሆነ ፓርኩን ዛሬውኑ ያዢ። አርቪውን ከግለሰብ የምትከራዪ ከሆነ እንስሳ መፍቀዱን በጽሑፍ ይስጥሽ፤ በስልክ እሺ ብሎ ኋላ የጽዳት ክፍያ የሚቆልል አለ። ከዚያ ረጅሙን ጉዞ ሳትጀምሪ እዚያው አውሮራ ቼሪ ክሪክ ፓርክ ሁለት ሌሊት እደሩበት። መብራት ያለው የካምፕ ቦታ አለው፣ ውሻውም ተፈትቶ የሚሮጥበት ሜዳ አለ፣ የጎደለሽን ለማምጣትም ቤትሽ ቅርብ ነው። ድመቷ በሁለተኛው ቀን ከመደበቂያዋ ወጥታ ከበላች መንገዱን ትችለዋለች። ሙሉ ቀን ምንም ሳትቀምስ ከዋለች ግን ምግብ ማቆም ለድመት ጉበት አደገኛ ነውና ለሐኪሟ ደውዪ፤ ምናልባት እሷን ከታማኝ ጎረቤት ጋር ትተሽ ከውሻው ጋር ብቻ መሄዱ ይሻላል።