የሕፃናት ሐኪም የጥራት ክፍል ኃላፊ ሲሆን

ጥያቄ፦ የሕፃናት ሐኪም ነኝ። የሆስፒታላችንን የጥራትና የታካሚ ደህንነት ክፍል እንድመራ ተመድቤያለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ኮሚቴ ከማቋቋም አይጀምሩ፤ እሱ የትም አይሄድም። በደንብ ከሚያውቁት አንድ ስህተት ይነሱ። በልጆች ክፍል ደግሞ ከመድኃኒት መጠን የተሻለ መነሻ የለም። ለአዋቂ የተለመደ ልክ ስላለ የበዛ ትእዛዝ ዓይን ውስጥ ይገባል። ለልጅ ግን በክብደት ስለሚሰላ፣ ነጥብ ተዛንፎ አሥር እጥፍ ቢሆን እንኳ ሲሪንጅ ውስጥ ብዙ አይመስልም።

8 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ሲታሰብ 120 ሚሊ ግራም ይሆናል። በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ካለው ሽሮፕ 5 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል። ሐኪሙ «5 ሚሊ ሊትር» ብቻ ብሎ ከጻፈና ፋርማሲው በ5 ሚሊ ሊትር 250 ሚሊ ግራም ያለውን ካወጣ፣ ልጁ ከእጥፍ በላይ ወሰደ። ነርሷ የሰጠችው ግን የታዘዘችውን ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ትእዛዝ ሦስት ነገር ይያዝ፦ ክብደት በኪሎ ከተመዘነበት ቀን ጋር፣ በኪሎ ስንት ሚሊ ግራም እንደታሰበ፣ የአንድ ጊዜ መጠን በሚሊ ግራም። ግማሽ «0.5» እንጂ «.5» አይባልም፤ አምስትም «5» እንጂ «5.0» አይጻፍም፤ ነጥቧ ካልታየች 50 ትነበባለች።

በየሳምንቱ 20 ካርድ በዕጣ አውጥተው ሦስቱም የተሟሉባቸውን ይቁጠሩና መቶኛውን በግራፍ ላይ ያስቀምጡ። ለውጥ ከመጀመርዎ በፊት የ10 ወይም የ12 ሳምንት ነጥቦች ሰብስበው በመካከለኛው ቁጥር (ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሃል ላይ በሚውለው እንጂ በአማካዩ አይደለም) ላይ መስመር ያስምሩ። ከዚያ 6 ተከታታይ ነጥቦች ከመስመሩ በላይ ካረፉ ለውጡ የአጋጣሚ አይደለም። በአንድ ጥሩ ሳምንት አይደሰቱ።

ሥልጠና ብቻውን ሠራተኛ ሲቀያየር አብሮ ይሄዳል። የክብደት ሳጥን ያለው ማዘዣ ግን ይቆያል። ሆኖም ሚዛኑ ከድንገተኛ ክፍል ርቆ ከተቀመጠ ሳጥኑ በግምት ይሞላል፤ ግምቱም በማግሥቱ እንደ እውነት ይወሰዳል። ሚዛኑን ልጁ የሚገባበት በር አጠገብ ያድርጉት። መመዘን ካልተቻለም «ግምት» ተብሎ ይጻፍ፤ ልጁ ሲረጋጋ ይመዘን።

ጥያቄ፦ የስህተት ሪፖርት ማሰባሰብ ከጀመርን ወዲህ ቁጥሩ ጨመረ። አስተዳደሩ «ስህተት በዛ» እያለ ነው። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ የጨመረው የሚነገረው ነው። የሪፖርት ብዛት የስህተት መለኪያ አይደለም፤ ለመለኪያነት ከላይ የጠቀስነውን የካርድ ናሙና ያሳዩዋቸው። ይልቅ የሚያሳስበው ዝም ያለ ክፍል ነው። ቅጹ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፦ ምን ሆነ? ልጁ ጋ ደረሰ? ካልደረሰ ምን አስቆመው? የጻፈው ሰው ስም ግዴታ አይሁን። ሪፖርት ላደረጉት በሳምንት ውስጥ ምን እንደተደረገ ካልነገሯቸው ቅጹን የሚሞላ አያገኙም። አንድ ነርስ ሪፖርት አድርጋ ከተቀጣች ደግሞ የወራት ልፋትዎ በአንድ ቀን ይፈርሳል። እያወቀ አደጋን ችላ ያለ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው፤ እሱ በዲሲፕሊን ይታያል።

ጥያቄ፦ ሕክምናውን ልተው?

መልስ፦ አይተዉ። በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን እንኳ ዎርድ ይግቡ፤ አዲሱ ቅጽ በሥራ ሰዓት ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሚታየው እዚያ ነው። ለጥራት ሥራው የተፈቀደልዎትን ሰዓትና ተጠሪነትዎ ለማን እንደሆነ ግን ከመጀመርዎ በፊት በደብዳቤ ያስጽፉ። አለዚያ ተረኛ በጎደለ ቁጥር የሚጠሩት እርስዎ ነዎት።