መልስ፦ ትሬሲ ለምን ማይክን አልመረጠችም?

እ.ኤ.አ. በ1940 በወጣው «ዘ ፊላደልፊያ ስቶሪ» ትሬሲ ጋዜጠኛውን ማይክን ትታ ወደ ቀድሞ ባሏ መመለሷ እንዴት ያሳምናል ብለው ለጠየቁት፣ ፊልሙን እዚህ ጅማ ከእናቴ ጋር ቡና እየተፈላ ደጋግሜ እንዳየሁት ልመልስልዎ። እጮኛዋ ጆርጅ እንደ ታቦት ከፍ አድርጎ ሊያኖራት ይፈልጋል፤ ማይክም ቢሆን በሠርጓ ዋዜማ ሌሊት ያሞገሳት በግርማዋ ተማርኮ ነው። የቀድሞ ባሏ ዴክስተር ግን የሰውን ድክመት እንደማትታገሥ ፊት ለፊት የነገራት፣ በጫጉላቸው የተጓዙባትን ጀልባ ትንሽ አምሳያ በስጦታ ያመጣላት ሰው ነው። አምሳያዋን መዋኛ ገንዳው ላይ ስታንሳፍፍ ፊቷን ልብ ብለው ይመልከቱ፤ ለእኔ ውሳኔዋ የጀመረው እዚያ ነው። ማይክን የተጫወተው ጄምስ ስቱዋርት በዚሁ ሚና ኦስካር ያገኘ ነውና ልባችን ወደ እሱ ቢያደላ አያስገርምም፤ እናቴ ግን ከአቦሉ ወደ ቶናው ሳንሻገር፣ «ፎቶ አንሺዋ ሊዝ እየጠበቀችው እንዴት ትቀማታለች?» ብላ ፈርዳ ነበር።