ጌሙ ከወጣ በኋላ ማን ይከፍላል?

ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ የምትመጡ ልጆች ብዙ ሰው ኦንላይን አብሮ የሚጫወተው ጌም ልትሠሩ ዕቅዳችሁን ታሳዩኛላችሁ። እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ፤ ጌም ላይ አውራ ጣቴ እሺ አይለኝም። የወጪ ዝርዝር ግን ማንበብ አውቃለሁ። ጌሙ እስኪወጣ ያለውን ወጪ በሳንቲም ታሰላላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ዝም።

እንዲህ ያለ ጌም ያለ ሰው አይንቀሳቀስም። የዘጌ ጀልባ ካልሞላ እንደማይነሳው ማለት ነው። ልዩነቱ የእናንተ ተሳፋሪ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ ዘግቶት ይሄዳል።

እስቲ እናስላው። አንድ ዙር 10 ሰው ይፈልጋል፣ 10 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። ማንም ከ1 ደቂቃ በላይ እንዳይጠብቅ በየደቂቃው አንድ ዙር መጀመር አለበት። ስለዚህ ሁልጊዜ ወደ 100 ሰው ጨዋታ ላይ መሆን አለበት። አምስት ዓይነት ጨዋታ ከከፈታችሁ 500 ሰው። በቅርቡ ያየሁት ዕቅድ ስድስት ነበረው፤ ምን አስቸኮላችሁ? አንዱ ይበቃል። በ4 ሰው የሚጀመር ከሆነማ 40 ሰው ያንቀሳቅሰዋል። መጀመሪያ ማታ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ብቻ ክፈቱት፤ ያለው ሰው ይገናኝ።

ገንዘብ ብቻውን አያድንም። ሶኒ ኮንኮርድ የተባለውን የኦንላይን ጌም እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2024 በ40 ዶላር አወጣ። ተጫዋች ጠፋ፤ በሁለት ሳምንት ዘግቶ ለገዢዎች ገንዘባቸውን መለሰ። ጥቂት ሰዎች የሠሩት አሞንግ አስ የተባለው ጌም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቶ ሰው የጎረፈለት በ2020 ነው። ብዙ ደመወዝ የሚከፍል ድርጅት ያን ያህል የሚታገስ አይመስለኝም።

ዶላሩንም አትርሱ። የውጭ ሰርቨር፣ ማለትም ተጫዋቾቹን የሚያገናኘው ኮምፒውተር፣ በዶላር ነው የሚከፈለው፤ እናንተ የምትሰበስቡት በቴሌብር፣ በብር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አለፈ። አንድ ተጫዋች ሳይጨመር የሰርቨሩ ክፍያ በብር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

አብዛኛው ተጫዋች አይከፍልም። አትናቁት፤ ከፋዩ የሚጫወተው ከእሱ ጋር ነው። ጌሙ ውስጥ ላለው ገጸ ባሕሪ ልብስና ቀለም ሽጡ እንጂ ለማሸነፍ የሚረዳ ጉልበት አትሽጡ። ጉልበት ከሸጣችሁ ያልከፈለው እየተሸነፈ ይሄዳል፣ ከፋዩም ብቻውን ይቀራል።

ስለዚህ ዕቅዱ ላይ የ12 ወር የሰርቨር ኪራይ፣ ብልሽት የሚያስተካክልና ተሳዳቢ የሚያስወጣ ሰው ደመወዝ ይግባ። ተጫዋቹ ከስንት በታች ሲወርድ እንደምትዘጉ፣ ለከፈሉትም ምን እንደምትመልሱ ከአሁኑ ጻፉት።