ስንብቱም ሥራ ነው፦ ጃፓን ለምታስተምሩ ልጆች

ውድ ልጆች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የጃፓን ትምህርት ቤቶች ለበጋ እረፍት ሊዘጉ ሲቃረቡ የሚደርሰኝ መልእክት ይበዛል። ከአሜሪካና ከእንግሊዝ ተነሥተው በየጃፓኑ ከተማ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ የእኛው ልጆች ናቸው የሚጽፉልኝ። ውላቸው ጁላይ መጨረሻ ላይ ያልቃል፤ ፍሪጁን ምን ላድርገው፣ የጡረታ ገንዘቤን እንዴት ላውጣ፣ ተማሪዎቼን ምን ብዬ ልሰናበት ይሉኛል። ለእያንዳንዱ በስልክ የምመልሰውን አንድ ላይ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ተነሣሁ።

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በማስተማር ነው። አዲስ አበባ ጀምሬ ሜሪላንድ ላይ ጡረታ ወጣሁ፤ በመካከሉ የጃፓን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1987 በጀመረው፣ ጄት በሚባለው ፕሮግራም፣ ፉኩሺማ ክፍለ ግዛት ውስጥ ሱካጋዋ በምትባል ከተማ ረዳት የእንግሊዝኛ መምህር ነበርኩ። እዚያ የተማርኩትና እስከ ዛሬ የማምንበት ነገር ቢኖር፣ ጃፓን ውስጥ መሰናበት ራሱ የሥራው ክፍል መሆኑ ነው። ስታስተምሩ ከርማችሁ መጨረሻ ላይ ሹልክ ብላችሁ ብትሄዱ፣ ሰው የሚያነሣው አሸላለካችሁን ነው።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። የጃፓን የመንግሥት መምህር አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ አርጅቶ አይወጣም፤ በየጥቂት ዓመቱ ይዛወራል። የትምህርት ዘመኑ ኤፕሪል ላይ ይጀምርና ማርች ላይ ያልቃል። በማርች መጨረሻ ማን ወዴት እንደተመደበ ይገለጻል፣ ጋዜጣ ላይም ይወጣል፤ በቀናት ውስጥ ሰውየው ጠረጴዛውን አራግፎ ሌላ ቦታ ሥራ ይጀምራል። በየዓመቱ እንዲህ እየሆነ ስለኖረ ለመለያየት ሥርዓት አበጁለት። ልጁ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የሚወደው መምህር መድረክ ላይ ወጥቶ ሲሰናበተው እያየ ነው የሚያድገው። ያዝናል እንጂ ግራ አይገባውም። ግራ የሚገባው አንድ ጠዋት የእናንተን ወንበር ባዶ ሲያገኘው ነው። «ስንብት አልወድም፣ ዝም ብዬ ብሄድ ይሻለኛል» የምትሉ አላችሁ፤ ስሜቱን አውቀዋለሁ፣ ግን እባካችሁ አታድርጉት። ልጆቹ እናንተን የመሸኘት መብት አላቸው።

ሥርዓቱ ይህን ይመስላል። ተማሪው በየክፍሉ ተሰልፎ ጂምናዚየሙ ወለል ላይ ይቀመጣል። እናንተ የቤት ውስጥ ጫማችሁን አድርጋችሁ ጥግ ላይ ትቆማላችሁ። ርዕሰ መምህሩ ጥቂት ይናገሩና መድረክ ትወጣላችሁ፤ ጎንበስ ብላችሁ እጅ ትነሣላችሁ፣ ትናገራላችሁ። ከዚያ የተማሪዎቹ ተወካይ በቃሉ ያጠናውን ምስጋና አሰምቶ አበባ ይሰጣችኋል። ብዙ ጊዜ ሺኪሺ የሚሉት ነጭ አራት ማዕዘን ካርቶንም ይኖራል፤ መሀሉ ላይ ስማችሁ ተጽፎ፣ ዙሪያውን ልጆቹ በቀለም በቀለም እስክሪብቶ ሁለት ሁለት መስመር ሞነጫጭረውበታል። ይህን ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት፣ ይጎብጣል። በሁለት ጠንካራ ካርቶን መካከል አድርጋችሁ በእጃችሁ ያዙት።

ንግግራችሁን በጃፓንኛ አድርጉት። ሦስት ደቂቃ ከበቂ በላይ ነው። እዚህ ላይ ፊደላችን ትልቅ ሀብት ነው፤ ጃፓንኛ አብዛኛውን ተነባቢ ከአናባቢው ጋር አጣምሮ የሚሄድ ቋንቋ ስለሆነ በላቲን ከምትጽፉት ይልቅ በግእዝ ፊደል ስትጽፉት ምላሳችሁ አይደናቀፍም። «ሚናሳን፣ ናጋይ አይዳ ኦሴዋ ኒ ናሪማሽታ» (ሁላችሁም፣ ለረጅም ጊዜ ስላደረጋችሁልኝ እንክብካቤ አመሰግናለሁ እንደ ማለት ነው) ብላችሁ ጻፉና ሞክሩት። እኔም ያጠናሁት እንዲሁ ነበር። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ መምህራን ክፍል ቆመው ያዳምጡኝ ነበር። ወረቀቱን ሲያዩት መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠጋ ብለው እያንዳንዱን ፊደል በጣታቸው ተከተሉት። የራሳቸውን ስም እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ፣ ጻፍኩላቸው። በማግሥቱ ጠረጴዛቸው ላይ ከተዘረጋው ግልጽ ላስቲክ ሥር፣ ከደወል ፕሮግራሙ አጠገብ አስገብተውት አየሁ።

በንግግራችሁ ውስጥ «ሁላችሁንም እወዳችኋለሁ» ከማለት ይልቅ የሆነ ነገር ጥቀሱላቸው፤ አብራችሁ ደረጃ የጠረጋችሁበትን የጽዳት ሰዓት፣ ምሳ ስታድሉ የፈሰሰውን ሾርባ። ልጆች እንዳየናቸው ማወቅ ይፈልጋሉ። ደግሞ «እመለሳለሁ» የሚለውን ቃል ተጠንቀቁበት። በእኛ ዘንድ መልካም ምኞት ነው፤ የ13 ዓመት ልጅ ግን ቀን ይቆጥርበታል። የምትመለሱ ከሆነ ተመለሱ፤ ካልሆነ አትበሉት።

ለባልደረቦቻችሁ አንድ አንድ ተደርጎ የተጠቀለለ ብስኩት ገዝታችሁ በየጠረጴዛው አስቀምጡ። ስትቆጥሩ ጸሐፊዋን፣ የጤና ክፍሏን መምህርት፣ ግቢውን የሚጠግኑትን አባት፣ ምሳ የሚያበስሉትን እናቶች እንዳትረሱ።

ወደ ዕቃው እንምጣ። ጓዝ መሸከፍ የምትጀምሩት ከሦስት ወር በፊት ነው። ጃፓን ውስጥ መጣል ከመግዛት ይከብዳል። የሚቃጠለውና የማይቃጠለው ተለይቶ፣ እያንዳንዱ በተመደበለት ቀን ይወጣል፤ ሶፋና አልጋን የመሰለ ትልቅ ዕቃ ግን በአብዛኛው ከተማ በስልክ ቀን ይያዝለትና የክፍያ ተለጣፊ ተገዝቶ ይለጠፍበታል። ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅ፣ ልብስ ማጠቢያና ኤሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በሚሠራ ሕግ ለብቻቸው ናቸው፤ መልሶ ጥቅም ላይ ለማዋል የሚወጣውን ወጪ የሚከፍለው የሚጥለው ሰው ነው። በመጨረሻው ሌሊት ደጅ ላይ ጥላችሁት ብትሄዱ ተጠርታ የምታፍረው ዋስ የሆነችላችሁ የትምህርት ጽሕፈት ቤቷ ሠራተኛ ናት። ወደ ኢትዮጵያ ዕቃ ለመላክ የምታስቡም ልብ በሉ፤ የጃፓን መብራት 100 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ለእናታችሁ የላካችሁት የሩዝ መቀቀያ በሰኩት ቅጽበት ይቃጠላል። መጻሕፍቱን በመርከብ ፖስታ ስደዷቸው፤ ወራት ቢፈጅም ርካሽ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ብዙ ልጆች የሚጎዱት እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

አንደኛ፣ የነዋሪነት ግብር የሚባለው የሚሰላው ባለፈው ዓመት ገቢያችሁ ላይ ነው፤ የሚሰበስበውም ጃንዋሪ 1 ቀን የኖራችሁበት ከተማ ነው። ክፍያው ከጁን ጀምሮ ለአንድ ዓመት ስለሚከፋፈል ጁላይ ላይ ስትወጡ ቀሪው ይጠብቃችኋል። ከመጨረሻው ደመወዛችሁ ላይ አስቀምጡለት። ሁለተኛ፣ ከደመወዛችሁ የተቆረጠው የጡረታ መዋጮ። ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የከፈለ የውጭ ዜጋ አገር ለቆ ከወጣ በኋላ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ተመላሽ መጠየቅ ይችላል፤ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ካልጠየቀ ያልፍበታል። የሚታሰበውም ቢበዛ እስከ አምስት ዓመት ያለው መዋጮ ነው። ከዚህ ላይ 20.42 በመቶ ግብር ይቀነሳል፤ እሱንም ማስመለስ ይቻላል፣ ይህን የሚያደርግላችሁ ግን ጃፓን የሚኖር የግብር ወኪል ነው። ወኪሉን ሳትወጡ በፊት በግብር ቢሮ አስመዝግቡት። የምታምኑት ባልደረባ ይሁን፤ ሁለት ሦስት ደብዳቤ የሚያመላልስ ሥራ ስለሆነ ቀደም ብላችሁ በትሕትና ጠይቁት።

የአሜሪካ ልጆች ደግሞ ሌላ የምታስቡት አለ። በጃፓንና በአሜሪካ መካከል እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2005 ጀምሮ የሚሠራ ስምምነት አለ፤ በሁለቱ አገር የሠራችሁበት ዘመን ለጡረታ መብት ይደመርላችኋል። ተመላሹን ከወሰዳችሁ የጃፓኑ ዘመን ይሰረዛል። አንድ ሁለት ዓመት ለሠራ ወጣት እንደ እኔ አስተያየት ተመላሹን መውሰድ ይሻላል። አምስት ዓመት የቆየና ልቡ አንድ ቀን ወደ ጃፓን የሚመልሰው ግን ሳያስብ አይፈርም።

ሦስተኛውን አጥብቄ ነው የምነግራችሁ። ልትወጡ ስትሉ በኢንተርኔት «የባንክ ደብተርህን፣ ካርድህን፣ ሲምህን ልግዛህ» የሚል ሰው ይመጣል። ይህ ወንጀል ነው። የአጭበርባሪዎች ገንዘብ የሚያልፈው በእንዲህ ያለ ሂሳብ ነው፤ የሚጠየቀውም ስሙ ያለበት ሰው ነው። የመጨረሻው ሂሳብ ሲቆረጥ ባንክ ሄዳችሁ ራሳችሁ ዝጉት። ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ከተማዋን መልቀቃችሁን ማስመዝገብም አትርሱ፤ የነዋሪነት ካርዱን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ታስረክባላችሁ።

ወረቀቱ ይህን ያህል ይበቃዋል። ጎረቤት ግን በወረቀት አይሰናበትም።

ሱካጋዋ የሯጩ የኮኪቺ ትሱቡራያ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 1964 አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ አሸንፎ ሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ፣ ሁለተኛ ሆኖ ስታዲየም የገባው ትሱቡራያ ነበር፤ እዚያው ትራኩ ላይ እንግሊዛዊው ባዚል ሂትሊ ቀደመውና የነሐስ ሜዳሊያ ወሰደ። ከተማዋ በስሙ አዳራሽ አላት፣ በስሙም የጎዳና ሩጫ ታካሂዳለች። ስለዚህ ኢትዮጵያዊ ነኝ ስል የሽማግሌዎቹ ፊት ይበራ ነበር፤ «አበበ!» ይሉኛል። ከጎኔ የሚኖሩት አዛውንት ወጣት ሳሉ ቶኪዮ ሥራ ሄደው፣ በዚያ ቀን በኮሹ ካይዶ መንገድ ዳር ቆመው አበበን በዓይናቸው አይተውታል። ሲያልፍ የእግሩ ኮቴ ድምፅ አልነበረውም ይሉ ነበር።

ልሄድ ስል ጁላይ 14 ቀን የከተማዋ የኪያር በዓል ደረሰ። ሱካጋዋ በኪያር የታወቀች ናት፤ ሰዉ ሁለት ኪያር ይዞ ይሄድና ለመቅደሱ ያቀርባል፣ አንዱን ይዞ ይመለሳል፤ የበላው ዓመቱን ከበሽታ ይጠበቃል ይባላል። አዛውንቱና ባለቤታቸው ይዘውኝ ሄዱ፤ ሁለቱን ኪያር ከራሳቸው ጓሮ ቆርጠው አመጡልኝ። እኔ ደግሞ በተከታዩ እሑድ የመንደሩን ሰው ቡና ጠራሁ። ጠረጴዛ ላይ በምትቀመጠው ትንሽ የጋዝ ምድጃ ቆላሁ፣ መስኮቱን ሁሉ ከፍቼ። ጃፓኖች ‹ሞካ› ብለው የሚገዙት ቡና ብዙው የእኛው የሲዳማና የሐረር ነው፤ ሲቆላ ግን ያየ አልነበረም። ጭሱን ወደ ፊታቸው እንዲስቡ በእጄ አሳየኋቸው፤ ሴትየዋ ዓይናቸውን ጨፍነው ሳቡት። ሦስተኛው በረካ እስኪደርስ ማንም አልተነሣም።

ይህን የምነግራችሁ እናንተም ከራሳችሁ ወገን የሆነ መሰናበቻ እንድታዘጋጁ ብዬ ነው። እነሱ በሥርዓታቸው ይሸኟችኋል፤ እናንተም በሥርዓታችሁ ተሰናበቱ። ድስት ሽሮ ይሁን፣ ድፎ ዳቦ ይሁን፣ ደግ ነው።

ከኋላችሁ ለሚመጣው መምህር ደብተር ተዉለት። ብዙ ጊዜ የሚገባው እናንተ በኖራችሁበት ቤት ነውና ያረጀ ዕቃችሁን በውድ አትሽጡበት፤ ሊጠቅመው የሚችለውን በነፃ ተዉለት፣ የማይጠቅመውን ጣሉለት። ደብተሩ ላይ ቆሻሻ የሚወጣበትን ቀን፣ በብርዱ ወራት ቧንቧው ውስጥ በረዶ እንዳይሠራ ውሃው የት እንደሚዘጋ፣ የትኛው ሐኪም ቀስ ብሎ እንደሚናገር ጻፉለት። የተማሪ ሐሜት አትጻፉ። እናንተን ያስቸገራችሁ ልጅ አዲሱ መምህር ፊት ንጹሕ ሆኖ መቅረብ አለበት።

አገር ቤት ወይም አሜሪካ ከገባችሁ በኋላ ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ላኩ፤ በእጅ የተጻፈ፣ በቀላል ጃፓንኛ፣ የምትኖሩበትን ሰፈር ፎቶ ጨምራችሁ። ምክትሉ ያነቡታል፣ ኮሪደር ላይም ይለጠፋል። ለዘመን መለወጫ ጃፓኖች ፖስት ካርድ ይላላካሉና ያን ጊዜ ብትልኩት ያምራል። ከማርች ግን አታሳልፉት። ኤፕሪል ሲገባ የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃው የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች፣ ሦስተኛ ክፍል የሚባሉት፣ ተመርቀው ወጥተዋል፣ ከመምህራኑም ብዙዎቹ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛውረዋል፤ ደብዳቤያችሁን የሚቀበለው ሰው ላያውቃችሁ ይችላል።