አሮጌው ዊንዶውስ በአዲሱ ላፕቶፕ ውስጥ

ጥያቄ፦ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። የድርጅታችን ሂሳብ ያለው ፒችትሪ 2010 በሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ነው፤ እሱም ዊንዶውስ 7 በተጫነበት አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ነው የሚሠራው። አሁን ዊንዶውስ 11 ሆም ያለው ባለ 8 ጊጋ ራም ላፕቶፕ ተገዛልኝ። ዊንዶውስ 7ን በውስጡ ላሠራ ፈልጌ አንዱ ቨርቹዋልቦክስ፣ ሌላው ቪኤምዌር፣ ሦስተኛው ሃይፐር-ቪ ይለኛል። የቱን ልምረጥ?

መልስ፦ ሦስቱም በኮምፒውተርዎ ውስጥ ሌላ ምናባዊ ኮምፒውተር (ቨርቹዋል ማሽን) የሚፈጥሩ ፕሮግራሞች ናቸው። ሃይፐር-ቪን ከወዲሁ ይተዉት፤ ዊንዶውስ ፕሮ ይፈልጋል፣ ሆም ላይ አይገኝም። ከሁለቱ ቨርቹዋልቦክስን እንመርጥልዎታለን። ቪኤምዌር ወርክስቴሽን ፕሮም ከኅዳር 2017 ዓ.ም. ወዲህ ለድርጅት ሳይቀር ነፃ ሆኗል፤ ግን ለማውረድ በባለቤቱ ኩባንያ በብሮድኮም ድረ ገጽ ላይ አካውንት መክፈት ግድ ነው። ቨርቹዋልቦክስ ከ200 ሜጋባይት በታች ነው፣ ያለ ምዝገባም ይወርዳል። ኤክስቴንሽን ፓክ የሚባለውን ተጨማሪ ጥቅል ግን አይጫኑ። እሱ ነፃ የሚሆነው ለግልና ለትምህርት አገልግሎት ብቻ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ለድርጅት ነው የሚሠሩት። ደግሞም አያስፈልግዎትም።

አስቀድመው ታስክ ማናጀርን ከፍተው ፐርፎርማንስ፣ ቀጥሎ ሲፒዩ የሚለውን ይጫኑ። «ቨርቹዋላይዜሽን» ከሚለው ጎን «ኢነብልድ» ካልተጻፈ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የቅንብር ገጽ) ገብተው ያብሩት። ኢንቴል ላይ ቪቲ-ኤክስ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤስቪኤም ሞድ ይባላል።

ቨርቹዋል ማሽኑን ሲፈጥሩ ራም 2048 ሜጋባይት፣ ፕሮሰሰር 2 ኮር፣ ዲስክ 40 ጊጋ ይስጡት። ብዙ ሰው 8ቱን ጊጋ እኩል ይከፍላል፤ ያኔ ዊንዶውስ 11 ራሱ ይጠበውና ሁለቱም ይንቀራፈፋሉ። ዩኤስቢውን 2.0 ላይ ያድርጉት። ዊንዶውስ 7 የ3.0 ድራይቨር አብሮት ስለማይመጣ ፍላሽዎን አያየውም። ዊንዶውስ 7ን ከጫኑ በኋላ በውስጡ ጌስት አዲሽንስን (የቨርቹዋልቦክስ ረዳት ድራይቨሮችን) ይጫኑና በሼርድ ፎልደር፣ ማለትም ሁለቱ ዊንዶውሶች በሚጋሩት ፎልደር፣ ፋይል ይለዋወጡ። ኔትወርኩን ግን «ኖት አታችድ» ያድርጉት፤ ዊንዶውስ 7 መደበኛ የደህንነት ማሻሻያ ከተቋረጠበት ከጥር 2012 ዓ.ም. ወዲህ ኢንተርኔት ላይ የሚወጣ ዕቃ አይደለም።

ከመስኮቱ ግርጌ በቀኝ በኩል አረንጓዴ ኤሊ ካዩ ቀልድ አይደለም። የዊንዶውስ 11 የራሱ ሃይፐርቫይዘር (ቨርቹዋል ማሽን የሚያሠራው ክፍል) ፕሮሰሰሩን ስለያዘው ቨርቹዋልቦክስ በእሱ ላይ ተደርቦ በዝግታ እየሠራ ነው። ብዙ ጊዜ ሰበቡ በዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ፣ ኮር አይሶሌሽን ሥር ያለው ሜሞሪ ኢንተግሪቲ ነው። ሲያጠፉት መከላከያም አብሮ ስለሚቀንስ፣ ዝግታው ካላስመረረዎት ኤሊውን ይቻሉት። ፒችትሪ ከባድ ፕሮግራም አይደለም።

ዳታውን ከአሮጌው ዴስክቶፕ በፒችትሪ የራሱ ባክአፕ ያውጡ፤ በቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ በጫኑት ፒችትሪ ላይ ሪስቶር ያድርጉት። አሮጌው ኮምፒውተር ላይ የተለጠፈው የዊንዶውስ 7 ቁልፍ አብሮ የመጣ ከሆነ ፈቃዱ የዚያ ማሽን ብቻ ነው፤ ለብቻው የተገዛ ቁልፍ ያስፈልግዎታል።

ብዙዎች የሚያለቅሱት ስናፕሾት ላይ ነው፤ ይኸውም በኋላ ወደ እሱ ለመመለስ የማሽኑን ሁኔታ የሚያስቀምጥ ነው። ስናፕሾት ካነሱ በኋላ የመዘገቡት ሁሉ ዋናው የቪዲአይ ፋይል (የቨርቹዋል ማሽኑ ዲስክ) ውስጥ አይገባም፤ ስናፕሾትስ በሚል ፎልደር ውስጥ ሌላ ፋይል ላይ ይጻፋል። ዋናውን ብቻ ወደ ፍላሽ የገለበጠ ሰው የወሩን ሂሳብ ትቶ ሄዷል ማለት ነው። ማሽኑን በደንብ ዘግተው፣ «ኤክስፖርት አፕላያንስ» በሚለው አንድ ፋይል አድርገው ያውጡት።

ጥያቄ፦ እኔ ያለኝ ኤም2 ማክቡክ ነው። ይኸው ይሠራልኛል?

መልስ፦ በዚህ መንገድ አይሠራም። የኤም2 ቺፕ የአርም ዘር ነው፣ ማለትም ከኢንቴልና ከኤኤምዲ የተለየ የፕሮሰሰር ዓይነት፤ ዊንዶውስ 7 ለኢንቴልና ለኤኤምዲ የተሠራ ነው። ዩቲኤም የሚባለው ፕሮግራም በነፃ ኢንቴልን አስመስሎ ያሠራዋል፤ ግን እጅግ ቀርፋፋ ስለሆነ የዕለት ሥራ አይሠራበትም። ፓራለልስ የሚባለው ሌላ ፕሮግራም በክፍያ የአርሙን ዊንዶውስ 11 በፍጥነት ያሠራል፤ ለመግዛት ከመወሰንዎ በፊት ነፃ የሙከራ ጊዜው ላይ ፕሮግራምዎን ጭነው ይዩት። እስከዚያ አሮጌውን ዴስክቶፕ አይሽጡት።