ፋብሪካው ሲወድቅ ማን ቀድሞ ይክሰር?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። የምሠራው የመኪና ወንበር የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ከምርታችን አብዛኛውን የሚወስደው አንድ መኪና አምራች ሲሆን፣ እሱም ሰሞኑን ገንዘብ አልቆበት የመንግሥትን እጅ እያየ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ በዚህ ሳንከራከር የምንነሣበት ቀን የለም። ግማሹ «ሰው የማይፈልገውን መኪና ሲያመርት ለኖረ ኩባንያ የሕዝብ ገንዘብ አይሰጥ፣ ይውደቅ» ይላል። እኔ የሦስት ልጆች አባት ነኝ፤ ይውደቅ ለማለት አፌ እሺ አይለኝም። በሌላ በኩል ያጠፉት አለቆቹ ሆነው ሳለ ዕዳው ከእኔ ግብር መከፈሉ ያንገበግበኛል። እርስዎ ቢሆኑ ይሰጣሉ ወይስ ይከለክላሉ?
ከወንበር መስፊያ ክፍል

መልስ፦ እኔ ብሆን እሰጣለሁ። ነገር ግን ገንዘቡ ከካዝና ከመውጣቱ በፊት ባለአክሲዮኖቹን፣ አበዳሪ ባንኮቹንና በደጉ ጊዜ ቦነስ ሲቀበሉ የኖሩትን አለቆች አንድ በአንድ እጠራቸዋለሁ። እነሱ ድርሻቸውን ሳይከስሩ ግብር ከፋዩ አንዲት ሳንቲም አይጨምርም። የእርስዎም ንዴት የመጣው ከዚሁ ይመስለኛል፤ የሚያንገበግብዎት ገንዘቡ መሰጠቱ ሳይሆን ያጠፋው ሰው ሳይነካ መቅረቱ ነው።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሠራሁት ባንክ፣ ብድር ክፍል ነው። ብድሩ የተበላሸበት ደንበኛ ፊቴ ተቀምጦ «ትንሽ ጨምሩልኝና እነሣለሁ» ሲለኝ ሁለት ነገር ብቻ እጠይቀው ነበር። ዕቃህን የሚገዛ ሰው አለ ወይ? አንተስ ከኪስህ ስንት ትጨምራለህ? የመጀመሪያውን ሁሉም አፉን ሞልቶ ይመልሳል። ሁለተኛው ላይ ድምፁ ዝቅ ይላል። መኪና አምራችም ቢሆን ቁጥሩ በዛ እንጂ ጥያቄው ያው ነው።

(ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱንም ጥያቄ በደንብ የመለሰ ኩባንያ አውቃለሁ። ክራይስለር በ1979 ሊዘጋ ጫፍ ደርሶ ወደ አሜሪካ መንግሥት ሄደ። መንግሥት ጥሬ ገንዘብ አልሰጠውም፤ እስከ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ለሚደርስ ብድር ዋስ ሆነለት። ፕሬዚዳንት ካርተር በጥር 1980 የፈረሙት ሕግ ግን ሌሎችም ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ እንዲያዋጡ ያስገድድ ነበር። ሠራተኛው ከደመወዙ ተወ፣ ባንኮች ዕዳውን አቀለሉ፣ አቅራቢዎችም ከፊሉን ተሸከሙ። ሥራ አስኪያጁ ሊ አያኮካ ደመወዙን 1 ዶላር አደረገ። አንድ ዶላሩ ኩባንያ እንደማያድን እሱም ያውቃል፤ ነገር ግን ሠራተኛውን «ቀንስ» ለማለት አፍ የሚኖረው ራሱ የቀነሰ ሰው ነው። በመጨረሻ የተበደሩት 1.2 ቢሊዮን ነበር፤ በ1983፣ ከቀነ ገደቡ ሰባት ዓመት ቀድመው ከፍለው ጨረሱ። መንግሥት ለዋስትናው የኩባንያውን አክሲዮን በርካሽ የመግዛት መብት አስፈርሞ ስለነበር ያንን ሸጦ 311 ሚሊዮን ዶላር አገኘ። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ውል ገጥሞኝ አያውቅም። ገዥም ነበራቸው፤ በመጀመሪያ ኬ-ካር የተባሉት ትንንሾቹ መኪናዎች፣ ከዚያ በ1983 መጨረሻ ላይ የወጣው ሚኒቫን።

ተቃራኒውን ለማየት እንግሊዝን ይመልከቱ። ብሪቲሽ ሌይላንድን መንግሥት በ1975 ወረሰው። ኦስቲን፣ ሞሪስ፣ ሮቨር፣ ትራያምፍ፣ ጃጓር፣ ሁሉም አንድ ጣሪያ ሥር ሆነው እርስ በርሳቸው ገበያ ይሻሙ ነበር። ገንዘቡ በየዓመቱ ፈሰሰ፤ የሚዘጋውን ፋብሪካ ለመዝጋት ግን የሚደፍር ሚኒስትር ለብዙ ጊዜ አልተገኘም። በ1988 ለብሪቲሽ ኤሮስፔስ በ150 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ፣ በ1994 ቢኤምደብሊው በ800 ሚሊዮን ገዛው፣ በ2000 ደግሞ የተረፈውን በ10 ፓውንድ ጣለው። አሥር ሚሊዮን አላልኩም፣ አሥር ፓውንድ! በ2005 የሎንግብሪጅ ፋብሪካው ሲዘጋ ወደ 6,000 ሰው ሥራ አጣ። ሚኒ፣ ጃጓርና ላንድሮቨር በሌላ ባለቤት እጅ በሕይወት መቆየታቸውን አልክድም።

አሁን ወደ 2008 ልምጣ፤ የምሳ ሰዓት ተከራካሪዎችዎ ሁለቱም ወገን የሚጠቅሱት እሱን ስለሚሆን ነው። በኅዳር ወር የጂኤም (ጄኔራል ሞተርስ)፣ የፎርድና የክራይስለር አለቆች የድጋፍ ልመናቸውን ይዘው ወደ ዋሽንግተን የሄዱት በየራሳቸው የግል ጄት ነበር። በታኅሣሥ ሲመለሱ መኪና እየነዱ መጡ። ሴኔቱ ግን አልራራላቸውም፤ ሕጉ ሳያልፍ ቀረ። ፕሬዚዳንት ቡሽ ለባንኮች ከተመደበው ገንዘብ ላይ 17.4 ቢሊዮን ዶላር ለጂኤምና ለክራይስለር ሰጥተው ጣጣውን ለተተኪያቸው አስረከቡ።

የእኔ ዓይን ያረፈው ከዚያ በኋላ በሆነው ላይ ነው። የኦባማ መንግሥት የሁለቱን ኩባንያዎች ዕቅድ «አይበቃም» ብሎ መለሰው፤ የጂኤሙ አለቃ ሪክ ዋጎነር ሥልጣን እንዲለቅ ተደረገ። ክራይስለር በሚያዝያ መጨረሻ 2009፣ ጂኤም በሰኔ 1 ኪሳራ አውጀው ፍርድ ቤት ገቡ። እንግዲህ «ይውደቅ» የሚሉት ባልደረቦችዎ ልብ ይበሉ፤ ወድቀዋል። የቀድሞዎቹ የጂኤም ባለአክሲዮኖች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ለክራይስለር በመያዣ ያበደሩት እንኳ ከእያንዳንዱ ዶላር 29 ሳንቲም ነው ያገኙት። ፖንቲያክ፣ ሳተርንና ሀመር የተባሉት የጂኤም የመኪና ስሞች ጠፉ። ክራይስለር ብቻውን 789 ወኪል ሻጮችን አሰናበተ። አዲስ ተቀጣሪ ከነባሩ ግማሽ ገደማ፣ በሰዓት 14 ዶላር አካባቢ እየተከፈለው ገባ። መንግሥትም የአዲሱን ጂኤም 61 ከመቶ የሚሆን ድርሻ ያዘ፤ የመጨረሻዋን አክሲዮን የሸጠው በታኅሣሥ 2013 ነው።

ሒሳቡስ? ለመኪና ኩባንያዎቹና ለብድር ድርጅቶቻቸው የወጣው 80 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 9 ቢሊዮን ያህሉ አልተመለሰም። «ሁሉም ተመለሰ» ያለዎት ሰው ካለ አይመኑት። እኔ ግን ያን 9 ቢሊዮን ከብክነት አልቆጥረውም። ምክንያቴም እንዲህ ነው። ኪሳራ አውጆ ፍርድ ቤት የገባ ኩባንያ መሥራቱን እንዲቀጥል ለደመወዝና ለጥሬ ዕቃ የሚሆን ብድር ያስፈልገዋል። በደህናው ጊዜ ይህን የሚሰጡ ባንኮች ሞልተዋል። በዚያ ወቅት ግን ባንኮቹ ራሳቸው የመንግሥት ደጅ ላይ ነበሩ፤ ያን ያህል ገንዘብ የሚያበድር አልነበረም። መንግሥት እጁን ቢሰበስብ ኖሮ ጂኤም ተስተካክሎ የሚወጣበት ኪሳራ አይሆንለትም ነበር፤ ማሽኑ በጨረታ የሚሸጥበት እንጂ። ስለዚህ አንድ መኪና አምራች ባንኮች ጤነኛ በሆኑበት ጊዜ ወደ መንግሥት ቢመጣ፣ መጀመሪያ «ባንኮቹ ለምን እምቢ አሉህ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። ባንክ ዕቃው ስለማይሸጥ ከከለከለው፣ መንግሥትም መከልከል አለበት።

በዚያ ማዳን ውስጥ አንጀቴን የሚበላኝ የዴልፋይ ነገር ነው። ዴልፋይ ከጂኤም የተነጠለ መለዋወጫ አምራች ነበር። በማኅበር የታቀፉት ጡረተኞች የጎደለባቸውን ጡረታ ጂኤም ሲሞላላቸው፣ በማኅበሩ ያልታቀፉት የቢሮ ሠራተኞች ጡረታ ተቀነሰ። አንድ ሕንፃ ውስጥ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰዎች ናቸው። «ማን ቀድሞ ይክሰር» ሲባል አቅም የሌለው ወደ ፊት እንደሚገፋ ከዚህ በላይ ማሳያ የለኝም።

ይህ ወደ እርስዎ ይወስደኛል። የወንበር አቅራቢ ዛሬ ያስረከበውን የሚከፈለው ከሳምንታት በኋላ ነው። ደንበኛው በመሀል ኪሳራ ካወጀ የእናንተ ደረሰኝ መያዣ የሌለው ዕዳ ሆኖ ከሰልፉ ጭራ ይቆማል። የአሜሪካ መንግሥት በመጋቢት 2009 ለአቅራቢዎች ብቻ 5 ቢሊዮን ዶላር የመደበው ይህን ፈርቶ ነበር። እናም ክርክሩን ለጊዜው ተዉትና አለቃችሁን ይህን ጠይቁት፤ ያ ደንበኛ ዛሬ የስንት ቀን ዕዳ አለበት? መንግሥት ገንዘብ ከሰጠ የአቅራቢዎች ክፍያ በውሉ ውስጥ ተጽፏል ወይ? ማኅበር ካላችሁ ይህን ማስጻፍ የማኅበሩ ሥራ ነው፤ ውል ከተፈረመ በኋላ የሚሰማችሁ አይኖርም።

ሌላው የጡረታችሁ ገንዘብ ነው። የት ተቀምጧል? በማን ስም? ስቱድቤከር የተባለው የአሜሪካ መኪና አምራች በ1963 መጨረሻ የሳውዝ ቤንድ ፋብሪካውን ሲዘጋ ለብዙ ዓመት ያገለገሉ፣ ግን 60 ዓመት ያልሞላቸው ወደ 4,000 ሠራተኞች ከጡረታ መብታቸው 15 ከመቶውን ብቻ አገኙ፤ በዕድሜ ወይም በአገልግሎት ከእነሱ ያነሱት ምንም። አሜሪካ የጡረታ ገንዘብን የሚጠብቅ ሕግ ያወጣችው ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1974 ነው።

መዳን ማለትም የእርስዎ ወንበር መስፊያ እስከ ጡረታዎ ይኖራል ማለት አይደለም። የዳነው ጂኤም በኦሃዮ የሎርድስታውን ፋብሪካው ውስጥ ምርት ያቆመው በ2019 ነው፤ ኩባንያው ያኔ አትራፊ ነበር። ስለዚህ መንግሥት ብሩን ሰጠ ሲባል ከባልደረቦችዎ ጋር ይደሰቱ፤ ልጆችዎን የሚያሳድጉበትን ሁለተኛ ሙያ መማር ግን ያን ዕለት አያቁሙ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ስለ መኪና ኩባንያዎች ሲጻፍ ፎርድ ከመንግሥት ምንም እንዳልወሰደ አነባለሁ። እሱ ከቻለ ሌሎቹስ ለምን አልቻሉም? ድጋፉ ሰነፎችን መሸለም አይሆንም?
የዘወትር አንባቢ

መልስ፦ እህቴ፣ ፎርድ የቻለው ቀድሞ ስለተበደረ ነው። በ2006 መጨረሻ ባንኮች ገና እጃቸው ሳይታሰር ከ23 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወሰደ። ያስያዘውም ፋብሪካዎቹን ብቻ አልነበረም፤ መኪናው አፍንጫ ላይ የምትታየውን ሰማያዊ ምልክት ጭምር ነው። ብልህነት አይደለም አልልም። ሁለት ዓመት ቢዘገይ ግን ያን ገንዘብ የሚሰጠው አያገኝም ነበር፤ በዚህ ላይ ዕድልም አለበት።

ደግሞም የፎርዱ አለቃ አለን ሙላሊ ራሱ ገንዘብ ሳያስፈልገው ኮንግረስ ፊት ቀርቦ ለተፎካካሪዎቹ ድጋፍ እንዲሰጥ ተከራክሯል። ደግነት እንዳይመስልዎት። ጂኤም ቢዘጋ መስታወቱን፣ ሽቦውን፣ ወንበሩን የሚሠሩት ፋብሪካዎች አብረው ይዘጋሉ፤ ፎርድም ዕቃ የሚገዛው ከእነዚሁ ነው። ከላይ የጻፉልን ወንድም የሚሠሩበት ዓይነት ፋብሪካ ቢዘጋ የፎርድም መገጣጠሚያ መስመር ይቆማል።

«ምንም አልወሰደም» የሚለውም ቢሆን ልክ አለው። በ2009 ነዳጅ ቆጣቢ መኪናዎችን ለማምረት ከአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት 5.9 ቢሊዮን ዶላር ተበድሯል። ማዳኛ ገንዘብ አልነበረም፣ ሌሎችም አመልክተው ያገኙት ብድር ነው፤ ከፍሎም ጨርሷል። መንግሥት ያበደረው ገንዘብ መሆኑ ግን አይካድም።